መድኃኒት ይተፋል እንዴ?

ለዚህ እትም ያዘጋጀሁት ጽሑፍ ሌላ ነበር። «አዲሱ የአፍ መጉመጥመጫ» የሚል ርእስ ሰጥቼው አንድ ገጽ ተኩል ያህል ከጻፍኩ በኋላ ቀደድኩት። ለምን እንደቀደድኩት ብነግራችሁ ከተቀደደው ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ምሽት ከግቢ ወደ አሶሳ፣ ወደ እማዬ ደወልኩ። ሰላምታው እንዳለቀ «ያ አክስቴ የላከችው ነገር እንዴት ሆነልሽ?» አልኳት።

«እየወሰድኩት ነው» አለችኝ።

«ትወስጂዋለሽ ማለት?»

«ጠዋትና ማታ፣ በክዳኑ ልክ።»

«ከዚያ ትተፊዋለሽ አይደል?»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀችብኝ። «መድኃኒት ይተፋል እንዴ ልጄ?»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስትውጠው ነበር። ጥፋቱ ደግሞ የሷ አልነበረም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። በቤታችን እንግሊዝኛ አንብባ ታስረዳለች የምባለው እኔ ነኝ። ፎቶውን በቴሌግራም ልካልኝ አይቼ «ተጉመጥመጪው» ብያታለሁ። «ትፊው» ግን አላልኳትም። ለኔ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር።

እስቲ እማዬን ላስተዋውቃችሁ። አያቶቼ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነስተው በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት ወገኖች ናቸው። እማዬ ያኔ በአንቀልባ የታዘለች ሕፃን ነበረች። ያደገችው ከሰፈራ መንደሮቹ በአንዱ ሲሆን አሁን የምንኖረው ግን ከተማው ውስጥ ነው። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ቶሎ ቶሎ ያማት እንደነበር አያቴ ትናገራለች። «ቶንሲል ነው፣ ይለቃታል» ተብሎ ታለፈ። ለቀቃት፤ ልቧን ግን ጎድቶ ነው የለቀቃት።

ይህ በአገራችን ብዙ ቤት የገባ ሕመም ነው፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያጠቃና በወቅቱ በፔኒሲሊን ሳይታከም ሲቀር፣ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ብሎ የራሱን የልብ በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን ይጎዳል። የእማዬ አንደኛው ቫልቭ ጠቧል፤ የልቧም ምት ይዛባል። ደም ልብ ውስጥ ተኝቶ እንዳይረጋና የረጋው ተነስቶ አንጎል ውስጥ እንዳይወተፍ ዋርፋሪን የተባለ ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች። የኛ ሰው «የደም ማቅጠኛ» ይለዋል እንጂ ኪኒኑ ደምን አያቀጥንም፤ የሚረጋበትን ጊዜ ነው የሚያዘገየው።

ዋርፋሪን አስቸጋሪ መድኃኒት ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ስለዚህ በየጊዜው አይ.ኤን.አር የሚባል የደም ምርመራ አለ። ለብዙዎቹ ታካሚዎች ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል መሆን አለበት። እማዬ ይህን ቁጥር ሰው የልጁን ዕድሜ እንደሚያውቅ ታውቀዋለች።

ወደ ጥርሱ ልምጣ። እማዬ ጥርሷን የምትፍቀው በወይራ መፋቂያ ነው። ጎረቤታችን ያሉት የበርታ እናት ደግሞ ሲዋክ ይጠቀማሉ። ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እየፋቁ ሲጫወቱ ነው ያደግኩት። ጥርሳቸውን ስታዩት እናንተም የጥርስ ቡሩሻችሁን ትጠራጠራላችሁ። ቀልድ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መፋቂያ ልማድ በሆነባቸው አገሮች አጠቃቀሙ ይበረታታ ብሎ ነበር። ነገር ግን መፋቂያ የጥርስን ፊት ያጸዳል እንጂ ድድና ጥርስ የሚገናኙበትንና የኋለኞቹን ጥርሶች መካከል በቀላሉ አያገኝም። የእማዬም ችግር የመጣው ከዚያ በኩል ነበር። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ድዷ ይደማ ጀመር። እንጀራውን ስትጎርስ ነጩ ላይ ቀይ ታያለች። ለኛ ግን አልነገረችንም። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? እየደማም ይስቃል።

የነገረችው ለአክስቴ ነው። አክስቴ አሜሪካ ናት። በመጋቢት መጨረሻ በሰው እጅ አንድ ሻንጣ ላከች። ለኔ ጫማ፣ ለታናሽ ወንድሜ ልብስ፣ ለእማዬ ደግሞ ግማሽ ሊትር የሚይዝ አረንጓዴ ጠርሙስ። ጠርሙሱ ላይ ባለ ጣት ቅጠል ተስሏል። ወንድሜ አይቶ «ይሄማ የሻሸመኔው ነው!» ብሎ ሲስቅ እማዬ ቅጠል መሆኑ ብቻ ደስ አላት። የአክስቴ የድምፅ መልእክት እንዲህ ይላል፤ «አትፍሪ፣ የሚያሰክረው ወጥቶለታል፤ ሲ.ቢ.ዲ. ነው። እዚህ ሁሉም ሰው ነው የሚጠቀመው።»

አክስቴ የዋሸችው ነገር የለም። ካናቢስ ውስጥ ከአንድ መቶ በላይ ካናቢኖይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የሚያሰክረው ቲ.ኤች.ሲ. ነው። ካናቢዲዮል፣ በአጭሩ ሲ.ቢ.ዲ.፣ አያሰክርም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የእርሻ ሕግ ቲ.ኤች.ሲው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን የካናቢስ ዝርያ ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር አውጥታው ነበር። ከዚያ ወዲህ በቅባት፣ በከረሜላ፣ በቡናና በአፍ መጉመጥመጫ መልክ ገበያውን ሞላው።

እኔም ታዲያ «ይህማ ጥሩ የመጽሔት ጽሑፍ ይወጣዋል» አልኩ። ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ አንድ ጥናት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። አጥኚዎቹ ከ72 ሰዎች ጥርስ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ወስደው ሲ.ቢ.ዲ. ያለበት መጉመጥመጫ ባክቴሪያውን ምን ያህል እንደሚገታ አዩ። ውጤቱ የጥርስ ሐኪሞች ከሚያዙት ክሎርሄክሲዲን ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። ደስ አለኝና «ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር እኩል!» ብዬ ንኡስ ርእስ አደረግኩት።

ረቂቁን ለአስተማሪያችን አሳየኋቸው። አነበቡና እርሳሳቸውን አስቀምጠው ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «የት ነው የተሞከረው? ያጠኑት ሰዎችስ የማን ናቸው?»

ተመልሼ አነበብኩት። የተሞከረው በሰው አፍ ውስጥ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ነው። አጥኚዎቹም ከካናቢስ የአፍ መጠበቂያ ምርቶችን በሚያዘጋጅ የቤልጅየም ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ይህ ብቻውን ጥናቱን ውሸት አያደርገውም። ነገር ግን ሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያ ምራቅ አያገኘውም፣ እንጀራ አይበላበትም፣ ዋርፋሪንም አይወስድም። ድድ የሚደማበት ሰው ለወራት ተጉመጥምጦ ተሻለው ወይ? ጉዳትስ አለው ወይ? ለሚሉት ጥያቄዎች ያ ጥናት መልስ አይሰጥም፤ እሰጣለሁም አላለም። መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ በንኡስ ርእስ።

ከላይ የነገርኳችሁን ስልክ የደወልኩት በዚያው ዕለት ምሽት ነው። «መድኃኒት ይተፋል እንዴ?» ስትለኝ ዋርፋሪኑ ትዝ አለኝ። «እማዬ፣ ድድሽስ?» አልኳት። «እሱማ ትንሽ በረታ መሰለኝ። ክንዴም ላይ ሳልመታ ጠቆረ» አለችኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ያን ሌሊት በስልኬ ያነበብኩትን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ሲ.ቢ.ዲ. አያሰክርም ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ኤፒዲዮሌክስ በሚል ስም ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ መድኃኒትነቱን አጽድቋል። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳት አለው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ተቅማጥ፣ የጉበት ምርመራ ውጤት መዛባት። ሁለተኛ፣ ጉበታችን ዋርፋሪንን ሰባብሮ የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች ሲ.ቢ.ዲ. ያዘገያቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ ሪፖርት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሲ.ቢ.ዲ. ሲጀምር አይ.ኤን.አሩ እየወጣ ስላስቸገረ የዋርፋሪኑን መጠን 30 በመቶ ያህል መቀነስ ግድ ሆኗል። ሦስተኛ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ጠርሙሱ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 አጥኚዎች 84 የሲ.ቢ.ዲ. ምርቶችን ከኢንተርኔት ገዝተው ሲመረምሩ መጠኑ በትክክል የተጻፈባቸው ከሦስቱ አንድ እንኳ አይሞሉም። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ ያ «ወጥቶለታል» የተባለው ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቷል።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ደወልኩ። «ጠርሙሱን ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ፣ ዋርፋሪኑን ግን ራስሽ እንዳታቆሚ» አልኳት። ጎረቤታችን አብረዋት ሄዱ። አይ.ኤን.አሩ 4.6 ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሙ አልተቆጡም። ኪኒኑን ለአንድ ቀን አስተዉአት፣ ከሳምንት በኋላ እንድትመለስ ነገሯት። ከዚያ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው «ከመቼ ወዲህ ነው? ሌላስ ምን አዲስ ነገር ወሰድሽ? ምንስ በላሽ?» እያሉ ጠየቋት። እማዬ ስልኩን ከፍታልኝ ስለነበር እኔም እሰማለሁ። ምን በላሽ ሲሏት ሳቀች። «ዶክተር፣ ሚያዝያ እኮ ነው። አሶሳ በሚያዝያ ምን ይበላል? ማንጎ ነዋ!»

አሶሳን ለማታውቁ፣ በማንጎ ወቅት ማንጎ በኛ ከተማ ምግብ ብቻ ሳይሆን ሰላምታም ነው። ሰው ቤት ገብታችሁ ሳትበሉ አትወጡም። እማዬ በቀን አምስት ስድስት ትበላለች። ለካስ ማንጎም ተጠርጣሪ ኖሯል! እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ሪፖርት ዋርፋሪን የሚወስዱ 13 ሰዎች ማንጎ በብዛት ከበሉ በኋላ አይ.ኤን.አራቸው ከፍ ብሏል። ማንጎውን ሲቀንሱ ቁጥሩ ወረደ።

ፋርማሲ ውስጥ ያሉት ባለሙያ ደግሞ ጠርሙሱን አገላብጠው ካዩ በኋላ በቅጠሉ ሥዕል ላይ ብዙም አልቆዩም። ጣታቸው ያረፈው ከታች በደቃቅ ፊደል በተጻፈ አንድ ስም ላይ ነው፤ ሜቲል ሳሊሲሌት። በብዙ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥ ለሽታና ለጣዕም የሚገባ፣ የአስፒሪን ዘመድ የሆነ ነገር ነው። በጡንቻ ቅባት መልክ በብዛት ሲቀቡት እንኳ የዋርፋሪንን ጉልበት ሊጨምር እንደሚችል ይታወቃል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ቅጠሉ ሳነብ ይህችን መስመር አላየኋትም። ቅጠሉ ጎልቶ ስለተሳለ ዓይኔ እሱን ብቻ ነበር የሚያየው።

ታዲያ የትኛው ነው ጥፋተኛው? ሐኪሙን በስልክ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ አላውቅም» አሉኝ። ከዚያ አንድ ሒሳብ አሠሩኝ። ጠርሙሱ ላይ በ500 ሚሊ ሊትር ውስጥ 300 ሚሊ ግራም ሲ.ቢ.ዲ. አለ ተብሎ ተጽፏል። አንድ ክዳን 20 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ በአንድ ክዳን 12፣ በቀን 24 ሚሊ ግራም ውጣለች። ለሚጥል በሽታ ግን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በቀን ይጀመራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 300 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጠርሙሱ በሙሉ የአንድ ቀን መነሻ መጠን ሆነ! «ስለዚህ ሲ.ቢ.ዲው ብቻውን ይህን ያህል አደረገ ለማለት ይከብደኛል። የተጻፈው ልክ ከሆነ ነው ታዲያ። ማንጎው አለ፣ ሳሊሲሌቱ አለ፣ ሦስቱም ተረዳድተው ይሆናል። እኔ የማውቀው እናትሽ አዲስ ነገር ስትጀምር ማናችንንም እንዳልጠየቀች ነው።»

ይህ መልስ በመጀመሪያ አላረካኝም። ጋዜጠኛ እሆናለሁ የሚል ሰው ወንጀለኛው እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ቆይቼ ሳስበው ግን «አላውቅም» ያሉት ሐኪም፣ «እኩል ነው!» ብዬ ከጻፍኩት ከኔ የበለጠ እውነት ተናግረዋል።

ከሳምንት በኋላ አይ.ኤን.አሩ 2.7 ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጥርስ ሐኪም የሄደችው፤ መጀመሪያ መሄድ የነበረባት ቦታ። የጥርስ ሐኪሟ አፏን ከማየታቸው በፊት የልቧን ነገር ጠየቁ። ምክንያቱም የተጎዳ ቫልቭ ላለው ሰው የአፍ ንጽሕና የውበት ጉዳይ አይደለም። ከታመመ ድድ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባና የተጎዳው ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ የልብ ውስጠኛ ክፍል ኢንፌክሽን ይሆናል፤ ይገድላል። የልብ ሐኪሟን ካማከሩና የደም ምርመራዋን ካዩ በኋላ ከድዷ ሥር እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ቆሻሻ በሁለት ቀጠሮ አጸዱላት።

«ይህን ድንጋይ ደግሞ የትኛውም መጉመጥመጫ አያወርደውም» አሏት። ክሎርሄክሲዲንም ቢሆን ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ ነው። ሲቆይ ጥርስን ያበልዛል፣ ጣዕምንም ያጠፋል። ለብ ያለ የጨው ውሃ የተቆጣ ድድን ለጊዜው ያረጋጋል እንጂ ቡሩሽን አይተካም። የታዘዘላት ለስላሳ ቡሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። «ወይራዬስ?» ብላ ስትጠይቅ «ድድሽን ሳትወጊ ፋቂ» ብለዋታል። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ምሕረት እንደተደረገለት ሰው ነበር።

የሕጉንም ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ፤ ሻንጣ የሚላክላችሁ ብዙዎች ናችሁና። ካናቢስና ከሱ የሚወጣ ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የአደንዛዥ ዕፆች ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ አገራችንም የስምምነቱ አባል ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ንጹሕ ሲ.ቢ.ዲ. ከቁጥጥሩ ይውጣ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ሐሳቡን ሳይቀበለው ቀረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማስገባትንም መያዝንም ወንጀል ያደርጋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ መድኃኒት ተመዝግቦ እንዲገባ ያዝዛል። አክስቴ ከመደርደሪያ ላይ አንስታ የገዛችው ጠርሙስ አውሮፕላን ሲሳፈር ሌላ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። ሻንጣውን ይዞ የመጣው ሰው ምን እንደያዘ እንኳ አያውቅም ነበር።

ለአክስቴ ደውዬ ስነግራት አለቀሰች። እሷም ብትሆን ምን ታድርግ? እህቷ ደማሁ አለቻት፣ አገሩ የሰጣትን ላከች። በመካከላቸው የነበርኩት፣ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ «ይህን የሚወስደው ሰው ሌላ ምን ይወስዳል?» የሚለውን።

ጓደኞቼ፣ ይህን ጥያቄ ለናንተም ልስጣችሁ። ነገ ሬዲዮ ጣቢያም ሆነ ጋዜጣ ስንቀጠር «አዲስ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በየሳምንቱ እጃችን ይገባል። የት ተሞከረ? ያጠናው የማን ነው? መጠኑ ስንት ነው? የሚሰማን ሰው ምን በሽታ አለበት? ብለን ካልጠየቅን፣ በስልክ ለአንድ እናት ያደረግኩትን በማይክሮፎን ለሺህ እናቶች እናደርገዋለን። የምንተረጉመውም ቃሉን ብቻ መሆን የለበትም። እኔ ቃሉን በትክክል ተርጉሜ ነበር፤ ድርጊቱን ግን ግማሹን አስቀረሁት።

እናንተም ቤታችሁ ስትደውሉ ወላጆቻችሁ ምን ምን እንደሚወስዱ ጠይቁ። ቅጠሉንም፣ ኪኒኑንም፣ ከውጭ የመጣውንም። እነሱም ለሐኪማቸው እንዲናገሩ ምከሯቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገሬ ሰው፤ መድኃኒቱን የደበቀም ያው ነው እላለሁ።

ጠርሙሱን እማዬ ለፋርማሲው ባለሙያ ሰጥታ ነው የተመለሰችው። ማንጎውን በቀን ወደ አንድ ዝቅ አድርጋለች፤ እሱም በስንት ልመና። ድዷ መድማቱን ትቷል። ባለፈው ሳምንት ስደውል ጎረቤታችን የሳል ሽሮፕ አምጥተውላት ኖሮ ገና ሰላም ሳልላት እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፣ ይኼስ ይዋጣል ወይስ ይተፋል? ዋርፋሪን እንደምወስድ ታውቂያለሽ አይደል?»

ቸር ይግጠመን።